ለግምገማ የወጡ ችግኞች

ሃሌሉያ ጠዋት ከቦንጋ ወጣ ብሎ ካለው የቡና ሙከራ ጣቢያ ስትደርስ የችግኝ መደቡ ባዶ ነው።

«ጋሽ በዛብህ፣ ችግኞቼስ?»

ኃላፊዋ ከረባት እያሰሩ ነው። «ሺሺንዳ። ትናንት በአይሱዙ ሄደው ለገበሬ ታደሉ።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም ነዋ! የሳይንስና ምርምር ፖሊሲው ምን ውጤት አመጣ ብለው ሊገመግሙ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ገበሬው ጋ ምን ደረሰ ሲሉኝ፣ ሃሌሉያ ገና እየሞከረች ነው ልበል?»

 ግማሾቹን በሽታ ያስያዘቻቸው ራሷ ሃሌሉያ ናት፤ ቡናን በቁሙ የሚያደርቀውን። የትኛው ዘር እንደሚቋቋመው ልታይ። ሲያዩአቸው ገና ለምለም ናቸው። በሽታው ግን በአፈር ይዛመታል፤ ከገባ ከአያት የወረደ ቡና ሳይቀር ይጨርሳል።

«ታመዋል ብዬዎት ነበር እኮ!»

«የታመመ እንዲያ ያምራል? ነይ አሁን፣ ስብሰባ ተጀምሯል።»

አዳራሹ ውስጥ ጋሽ በዛብህ «የቴክኖሎጂ ሽግግር፣ ከዕቅድ በላይ» ብለው አነበቡ። ተጨበጨበ። ሃሌሉያ እጇን አወጣችና ሁሉንም ተናገረች።

የገምጋሚዎቹ መሪ መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ ፖሊሲው ትክክል ነው። ችግር ካለ አፈጻጸም ላይ ነው። አፈጻጸሙን ደግሞ አሁን ሰማን፤ ጥሩ ነው። የቀረው ያንቺ አመለካከት ነው።»

«ሂሷን ትዋጥ!» አለ አንዱ ከኋላ።

አልዋጠችም። ወጥታ የሺሺንዳ መኪና ተሳፈረች።

መጀመሪያ ያገኘችው የእትዬ የሺሃረግን ማሳ ነው። ችግኞቹ በአሮጌው ቡና መሀል ተተክለው፣ እሾህ ታጥሮላቸዋል። በሽታ ያስያዘቻቸው መሆናቸውን ከመለያቸው አወቀች።

«እትዬ፣ እነዚህ ታመዋል። ልንቀላቸው።»

«ለቀበሌ ሊቀመንበሩ ዘመድ ሲታደል አይታመም! ዛሬ ለኔ ቢደርሰኝ ታመመ?»

«እውነቴን ነው። እኔው ነኝ ያሳመምኳቸው።»

«ምን አልሽ?»

«ሆን ብዬ። ለጥናት።»

ሴትዮዋ ጮኹ። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ «ጠንቋይ ናት እንዴ?» ሲል ሌላው «ባሰ፣ የተማረች ናት» አለው። የቀበሌው ሚሊሻ ክንዷን ይዞ ስልኳን ተቀበላት። አለቃዋ ማን እንደሆነ ጠይቆ ጋሽ በዛብህ ጋ ደወለና፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ችግኙ ጤነኛ ነው» አሉ ጋሽ በዛብህ። ከጀርባቸው የምሳ ሳህን ይንኳኳል። «ዛሬ ተገምግሞ አልፏል። የታመመችብን እሷ ናት። አደራ፣ እንዳትመቷት።»

ክንዷ ተለቀቀ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላት። ከስድቡ ይልቅ ሐዘኔታው አንገበገባት።

«ጋሽ በዛብህ፣ ይዋሻሉ!» ብላ ጮኸች። ስልኩ ተዘግቷል። ጩኸቷ ይብሱን አሳዘናቸው።

እትዬ የሺሃረግ ቤት ገብተው በጣሳ ውሃ ይዘውላት ወጡ። «ጠጪ ልጄ። ትምህርት ሲበዛ ጭንቅላት ላይ ይወጣል ይባላል። ጠጪ፣ ይሻልሻል።»

ጠጣች። ሌላ ምን ታድርግ።

የተረፈውን ሴትዮዋ ችግኙ ሥር ደፉት። ውሃው አፈሩን ይዞ ቁልቁል ወደ አሮጌው ቡና ወረደ።