የግራ ዐይኗ

ውባንተ ጀይሉን የሰደበው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ የጥር ሚካኤል ማግስት፣ በደረበ ልጅ ሰርግ፣ ዳሱ ጢም ብሎ ሳለ። ጀይሉ ወደ ብርንዶው እጁን ሲሰድ ጠብቆ፣ «ኧረ ለሳሉጉ ቅድሚያ ስጡት፤ ካገሩ ርቦት ነው የመጣ!» አለ። ሰው ሳቀ። ደረበም ሳቀ። ሙሽራው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

ሳሉግ የሚባለው ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። ጀይሉም ከጎጃም ወደዚህ ወደ ሽንፋ ቆላ የወረደው ማጭድ ይዞ ነበር፤ አይክድም። ግን ከዚያ ወዲህ ትራክተር ነድቷል፣ የትናየትን አግብቶ ልጆች ድሯል፣ ጡረታ ወጥቷል። ሽበት ካወጣ በኋላ ሳሉግ!

አምና ቀበሌው የጤና መድህን ሲመዘግብ፣ ገበሬም ጡረተኛም ካርድ ያውጣ፣ ሕመም ከጠና እስከ ጎንደር ያሳክማል ተባለ።

«ጡረታህ ከእህል አያልፍ፤ ይኸን ደርብበት» አለችው የትናየት።

ለባብሶ ሄደ። ከቀበሌው ደጅ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር መዝጋቢ ሆኖ የተቀመጠው ውባንተ ነበር። ጀይሉ ከሩቅ አይቶት ተመለሰ።

«ተመዘገብህ?»

«ከዚያ ሰውዬ እጅማ ካርድ አልቀበልም። ደግሞ ይሳቅብኝ?»

«አንተዋ፣ ስታመም የምተኛው ከውባንተ ቤት ነው ወይስ ካንተ?»

የክት ልብሱን ማውለቅ ጀመረ።

ክረምት ላይ ግራ ዐይኗን ያማት ጀመር። ጤና ጣቢያው «ጎንደር ውሰዳት» አለው፤ ካርድ የለ፣ ምዝገባው ተዘግቷል፣ ጡረታው የት ያደርሳል! «ያችን የዘራናትን ሰሊጥ እስክንሸጥ ታገሽ» አላት። ራሷን በመቀነት ጠፍራ ታገሠች። ኅዳር ላይ ጎንደር ሲደርሱ ሐኪሙ በባትሪ አይቶ፣ «አባት፣ የዐይን ግፊት ነው። ይኸኛው ሞቷል፤ በክረምቱ ቢያመጧት ይተርፍ ነበር። ቀኙ እንዳይከተል ክትትሏን እንዳታቋርጥ» አለ።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ በግራዋ ተቀመጠ። እሱን ለማየት አንገቷን ሙሉ ታዞር ነበር። ጭልጋን ሲያልፉ መዞሩን ተወችው።

ዘንድሮ ምዝገባው ሲከፈት ጀይሉ ከኒሙ ሥር ማልዶ ተገኘ።

«አንተ ጀይሉ! አምና የት ገብተህ ነው? ስምህን ስጠራ ውዬ!» አለ ውባንተ፣ ካርዱን እየጻፈለት።

«በደረበ ልጅ ሰርግ ያልኸኝን ታውቀዋለህ።»

«ምን አልሁህ?» ውባንተ ከልቡ ግራ ገባው።

«ሳሉግ።»

«በል ተወኝ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔስ ከበለሳ በምን ወረድሁ? እኔም ሳሉግ፣ ደረበም ሳሉግ! ምነው ሰውዬ፣ በዚህ ኖሯል የቀረኸው?»

ጀይሉ ለዚህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲስለው የኖረው መልስ ነበረው። አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ካርዱን አየ። የትናየት ፎቶ ከመታመሟ በፊት የተነሳችው ነው፤ ሁለቱንም ዐይኖቿን ገልጣ ታየዋለች። አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተውና መንገድ ጀመረ።

«የትናየትስ ደህና ናት?» አለ ውባንተ ከኋላው።

ጀይሉ አንገቱን ሳያዞር መንገዱን ቀጠለ።