ሁለት እጀታ ያለው ማሽን

እንጦጦ ሥር ኤሲ እየጠገንኩ እንደምኖር ስናገር የማይስቅ ሰው የለም። ሐምሌን በጋቢ ተጠቅልሎ ለሚያሳልፍ ሰፈር ኤሲ ምን ያደርግለታል ይሉኛል። መልስ አለኝ። ከድሬዳዋ የመጣ ሰው የካ ላይ አፓርታማ ሲገዛ ልማዱን ይዞ ነው የሚገባው፤ አዲሶቹ ቤቶች ደግሞ መስኮታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ስለሆነ የበጋ ፀሐይ ውስጡ ያለውን ሰው ትጠብሰዋለች። መስታወት የሚወድ አርክቴክት እግዚአብሔር ያብዛልን።

የምሠራው ከጠሀ ጋር ነው። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ልጆች አሳድጎ የሥራ ሸሪኬ ሆኗል። አምና ወገቤን ካመመኝ ወዲህ ግን ጠባዩ ተበላሸ። መጀመሪያ መሰላሉን ከእጄ ነጠቀኝ። ቀጥሎ የቫኪዩም ፓምፑን፣ ከዚያ የመፍቻ ሳጥኑን። ለእኔ የቀረልኝ በስልኬ ማብራት ነው። "ጋሼ ገበየሁ፣ እርስዎ ይረፉ" ይለኛል። ማረፍ የምፈልግ መስሎታል። ካራ፣ ቤቴ አጠገብ፣ ጡረታ ወጥተው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና የሚያዩ ጎረቤቶች አሉኝ፤ እነሱን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይጨነቃል።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን መግዛት የግድ የሆነብን። ድሮ ኤሲ ስንፈታ የሚያቀዘቅዘውን ጋዝ ዝም ብለን ወደ ሰማይ እንለቀው ነበር፤ አሁን ግን አየር ይበክላል ተብሎ እንኳን ደንበኛው ጠሀም አይፈቅድልኝም። ማሽኑ ጋዙን ከኤሲው ስቦ ሲሊንደር ውስጥ ያስገባል። መገናኛ ሱቅ ያላት ኢልሃም ሁለት ዓይነት አሳየችን። አንደኛው ባለ ሁለት ፒስተን፣ ጉልበተኛ፣ ግራና ቀኝ እጀታ ያለው፣ ለሁለት የሚነሳ ነው። ሁለተኛዋ ትንሽ ናት፤ በማንገቻ ትከሻ ላይ ትንጠለጠላለች። ጠሀ ትንሿን ሲያይ ፊቱ በራ።

ወዲያው ገባኝ። አንድ ሰው የሚይዘው ማሽን ከተገዛ ሁለተኛው ሰው ለምን ይሄዳል? ስለዚህ ለትልቁ ጥብቅና ቆምኩ። ጉልበቱን አወደስኩ፣ ፍጥነቱን አወደስኩ፣ ቀለሙን ሳይቀር አወደስኩ። ኢልሃም በትሕትና በቀን ስንት ቤት እንደምንሠራ ጠየቀችኝ። እግዜር ሲወደን ሁለት አልኳት። ታዲያ ይህ ሁሉ ፍጥነት ለምን አስፈለገ አለችኝ። ለወደፊቱ ነው አልኳት። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ስለ ወደፊቱ ሲያወራ ፈገግ ማለት ነውር መሆኑን ማንም አልነገራትም። በመጨረሻ ሁለቱንም ወስደን ሞክረን እንድንመርጥ ፈቀደችልን።

ሙከራው የካ ሚካኤል አጠገብ፣ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቤት ሆነ። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው፤ የኤሲያቸው ኮምፕረሰር ስለተቃጠለ ከመቀየሩ በፊት ጋዙ መውጣት ነበረበት። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ በቅርቡ ሥራ ይጀምራል የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱም ቢጫ ሆኗል።

ትልቁን ግራና ቀኝ ይዘን ወጣን። ጠሀ በየፎቁ ብቻውን ሊያነሳው ታገለ፤ አልቻለም። ወገቤ እያመመኝ ደስ አለኝ። ላይ ደርሰን ስንሰካው ግን የቤቱ መብራት ድርግም አለ። ብሬከሩን ብናነሳው መልሶ ወረደ። ወይዘሮዋ ምድጃውን አጠፉ፣ ፍሪጁን ነቀሉ፤ ያው ነው። ያ ጉልበተኛ የቤቱ መብራት አልበቃው አለ። ጠሀ ታች የተውናትን ትንሿን ሊያመጣ እየዘለለ ወረደ። ያናደደኝ ይህ ጥድፊያው ነው።

ተከተልኩት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማሽኗን አንግቶ ሲመጣ አገኘሁትና ማንገቻዋን ያዝኩ። ስጠኝ አልኩት። ወላሂ አይሸከሟትም አለ። በሞቴ አልኩ። በእናቴ አለ። ምሳ ቤት ሒሳብ ልክፈል ልክፈል እንደሚባባሉ ሰዎች ደረጃው ላይ ተጓተትን። ዳቦ ይዞ የሚወጣ ጎረቤት መንገድ ብንዘጋበት ሊያስታርቀን ሞከረ። ይኼኔ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከላይ ወረዱ፤ ማሽኗን ከሁለታችንም እጅ ወሰዱና ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መውጣት ጀመሩ።

"እናንተ ስትገባበዙ እኔ በሙቀት ልሙት?" አሉ።

ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ተከተልናቸው።

ትንሿ ተሰክታ ሥራዋን ጀመረች፤ ብሬከሩም አልወረደም። የጋዙን ግፊት የሚያሳየው የጌጁ ቀስት ቀስ እያለ ሲወርድ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በኩል ነፋስ ይመጣል። ንዴቴ ሲበርድልኝ ፍርሃቴ ብቻውን ቀረ፤ ስለዚህ አወጣሁት።

"ይቺን ከገዛን እኔን ምን ታደርገኛለህ?"

ጠሀ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ዓይኑን ከጌጁ ላይ አነሳ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ትልቁ ከተገዛ ወገብዎ አይችልም፣ ሥራ ያቆማሉ ብዬ ነው የፈራሁት" አለ። "ትንሿን የፈለግኳት እንዳይቀሩብኝ ነው።"

እቅፍ አድርጌ ልስመው ፈለግኩ። አፈርኩና ሲሊንደሩን ነካ ነካ አደረግኩ። ቆይቼ፣ "እንግዲያው ስንወርድ እኔ ነኝ የምይዛት" አልኩት። ሊምል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

ሥራው ሲያልቅ ትልቁን ተመልሰን ልንወስደው በሩ ሥር ተውነውና ትንሿን ትከሻዬ ላይ አነገትኩ። ቀላል ናት ያለው ሰው ይዟት ደረጃ አልወረደም። ጠሀ ቀደመኝ። ዞር ብሎ አላየኝም፣ ልቀበልዎ አላለኝም። ግን እንደ ወትሮው እየዘለለ አልወረደም። ከእኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ፣ አንዱን መደገፊያው ላይ አድርጎ፣ መንገዱን ሙሉ ዘግቶ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ብወድቅ የምወድቀው እሱ ላይ ነው። አይቼ እንዳላየ ሆንኩና ማንገቻዋን አስተካክዬ ተከተልኩት።