ክር የማይፈልግ መርፌ

ልብስ ሰፊው አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የቀረበለትን ሲበላ፣ የጨርቅ ብናኝ ሲምግ ኖሮ አንድም ቀን ሆዴን ወይም አፍንጫዬን ብሎ አያውቅም። ታዲያ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የቀኝ መዳፉን በላው። መዳፍ ሲበላ ገንዘብ ይመጣል ይባላልና ደስ አለው። ቀጥሎ ግራውን በላው፤ ደስታው እጥፍ ሆነ። ብብቱን፣ አንገቱንና የጆሮውን ውስጥ ሲበላው ግን ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ሊመጣልኝ ነው ብሎ መጠራጠር ጀመረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ገላው በሙሉ ሽፍታ ለበሰ፤ ከንፈሩ አበጠ፤ ጉሮሮው ጠበበ። የሽፍታ ሥራ ድሮም መንገድ መዝጋት ነው፤ ይኼኛው የዘጋው ግን የትንፋሹን መንገድ ነበር። ነፍሱ ሳትወጣ ሆስፒታል አደረሱት።

ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮት ሲተኩስ መጣበት። ሦስተኛው ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ ከተቀቀለ ድንችና ከውሃ በቀር ምንም ባልቀመሰበት ቀን መጣ። ደሙ ተመረመረ። ክንዱ ላይ ሃያ አራት ዓይነት ጠብታ ተሞከረበት፤ ሃያ አራቱም ንጹሕ ነን አሉ።

"አለርጂ ነው" አለችው ዶክተሯ፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ወጣት ናት። "መነሻውን ግን አላወቅነውም። ምናልባትም ላናውቀው እንችላለን።"

ልብስ ሰፊው ቅር አለው። እሱ የወደቀች የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ሳያገኝ ሱቁን ዘግቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሊገድለው የመጣውን ነገር ስሙን ሳያውቅ እንዴት ይኑር?

ዶክተሯ ሁለት ነገር ሰጠችው። አንዱ ትእዛዝ ነው፦ "የበሉትን፣ የነኩትን፣ ያሸተቱትን፣ አጠገብዎ ማን እንደነበረ ሳይቀር ደብተር ላይ ይጻፉ።" ሌላው እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ነው። "ሲጀምርዎ ወዲያው ክዳኑን ነቅለው ጭንዎ ላይ፤ ሱሪዎን ማውለቅ አያስፈልግም። እጅዎ እምቢ ካለዎት አጠገብዎ ያለ ሰው ይውጋዎት።"

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ ልብስ ሰፊው ሠላሳ ዓመት በመርፌ ኖሮ፣ መርፌ ወደ እሱ ሲዞር ዓይኑን ጨፍኖ ይሸሻል። ሁለተኛ ሚስቱ ፖስታ ቤት ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ያለው ሰው አንድ ነው፤ አማቱ።

አማቱ ከእነሱ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። ክፍላቸው ከመስፊያ ክፍሉ ጀርባ ነው። ልጃቸውን ካገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን "አንተ" ብለውት አያውቁም። "ደህና አደሩ?" ይሉታል። "ምሳዎ ቀርቧል" ይሉታል። የታናሽ ልጃቸውን ባል፣ ያንን ወሬኛ ሾፌር፣ "አንተ ቀበጥ!" እያሉ ጀርባውን በጥፊ ይሉታል፤ ሲስቁም ይውላሉ። ልብስ ሰፊው ያ ጥፊ ያስቀናው ነበር። ልጃቸውን ማግባቴ ዛሬም አልተዋጠላቸውም ብሎ ደምድሟል። ዓይናቸው ስለደከመ ጠዋት ጠዋት መርፌና ክር ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። "ይኼን ክር ያስገቡልኝ።" "እሺ እማማ።" በቃ፣ ጨዋታቸው ይኸው ነው።

ሚስቱ አንድ እሑድ ሁለቱንም አስቀምጣ፣ ጫፍ የሌለውን መለማመጃ መርፌና አንድ ትራስ አቀረበች።

"ክር ማስገባት ያቃታት ሴት ሰው ልትወጋ?" አሉ አማቱ።

"እማዬ፣ ይኼ መርፌ ክር አይፈልግም።"

አማቱ መርፌውን ተቀብለው ትራሱን ደህና አድርገው ወጉትና "ተሻለው?" ብለው ተነሥተው ሄዱ።

"መውጋቱንስ ይወጉኛል" አለ ልብስ ሰፊው። "ይቸኩሉልኛል ወይ ነው ጥያቄው።" ሚስቱ በዚያው በተወጋው ትራስ መታችው።

ደብተሩ ግን ሥራውን ቀጠለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ልብስ ሰፊው ያልጠረጠረው ነገር የለም፦ ጠመኔውን፣ ሳሙናውን፣ እንቁላሉን፣ የጎረቤቱን ድመት፣ የሚስቱን ሽቶ። አንድ በአንድ እየራቃቸው፣ ተመልሶ ሲነካቸው ምንም ሳይሆን ሲቀር ሰረዛቸው። ሁሉን ጻፍ ተብሏልና የራሱም ጉድ ወጣ፤ በሸሚዝ ቁልፎች ሳጥን ውስጥ ብስኩት እንደሚደብቅ ሚስቱ ያወቀችው ከደብተሩ ነው። በመጨረሻ ሦስቱም ቀን ላይ ያልጠፋ ማን ነው ብሎ ሲቆጥር አንድ ስም ቀረ። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ጽሑፍ "አማቴ" ብሎ ሦስት ጊዜ ራይት አደረገበት። ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ትንሽ አፈረ። ግን አልሰረዘውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እሑድ ለሚያገባ ደንበኛ የተሰፋው ሙሉ ልብስ አልቋል፤ የቀረው ርዝመቱን ማየት ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው ለማንም የማይነግረው አንድ አመል አለው፤ ቁመቱ ከእሱ ጋር የሚገጥም ደንበኛ ሲያገኝ ሱሪውን ራሱ ለብሶ መስታወት ፊት ይቆማል። እንዲያ የሙሽራውን ጥቁር ሱሪ ለብሶ ሲሽከረከር መዳፉን በላው። አሁን ገንዘብ ነው ብሎ አልተታለለም። መሳቢያውን ስቦ መርፌውን አወጣ። እጁ ግን እምቢ አለው፤ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። ወንበር አገኛለሁ ብሎ የቁልፉን ሳጥን ገልብጦ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አማቱ ኳኳታውን ሰምተው ብቅ አሉ። "ምን ሆኑ?"

መርፌውን ዘረጋላቸው። ተቀበሉት፤ ክዳኑን ነቀሉት። ይኼኔ የልብስ ሰፊ ነገር፣ በሁለት እጁ ጭኑን ሸፈነ።

"ሱሪው..." አለ እያቃተተ። "የሙሽራው..."

"አንተ!" አሉ አማቱ፤ ድምፃቸው ቤቱን አናወጠው። "ለሱሪ ነው እንዴ የምታዝነው? እጅህን አንሣ! እንዳትሞትብኝ፣ ነግሬሃለሁ!"

ወጉት። እስከ አሥር ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ እንዳይሳሳቱ ብለው እስከ አሥራ አምስት ቀጠሉ። አጋድመው እግሩን የጨርቅ ጥቅልል ላይ ሰቀሉና በመስኮቱ ወጥተው ሊወድቁ እስኪደርሱ ከደጅ የሚቀመጠውን ጫማ ሰሪ አምቡላንስ ጥራ ብለው ተጣሩ። ልብስ ሰፊው ጣራ ጣራውን እያየ አየር ወደ ደረቱ ሲመለስ ተሰማው። ስለ ሞት አላሰበም። ስለ ሱሪውም አላሰበም። "አንተ አሉኝ" ብሎ ብቻ አሰበ፤ እንደ ልጅ ደስ አለው።

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተሯ ደብተሩን ተቀብላ በመደነቅ ታነብ ጀመር። አማቱ አልጋው ጥግ ተቀምጠዋል።

"ጎበዝ! ጠመኔ፣ ተሰርዟል። ድመት፣ ተሰርዟል። አማቴ፣ ሦስት ራይት..." ቆም አለች። ቀና ብላ አዛውንቷን አየቻቸው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። ልብስ ሰፊው አንሶላውን እስከ አፍንጫው ሳበ።

"ዛሬም ነበርኩ" አሉ አማቱ ረጋ ብለው። ወደ እሱ ዞሩ። "አራት ያድርጉት፣ እርስዎ።"

ያቺ "እርስዎ" ከሽፍታው ሁሉ በለጠችበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሆዱ የያዘው ወጣ። "እማማ፣ ደብተሩን ያቃጥሉት። እርስዎ ግን አይበሉኝ። ይኼን ሁሉ ዘመን እንደ ባዳ ሲያርቁኝ..."

"ማራቅ?" አማቱ አፋቸውን ያዙ። "አክብሬህ እኮ ነው! ልጄን በክብር የያዘልኝን ሰው አንተ ልበለው? ያንን ቀበጥ አንተ የምለው የሚከበር ነገር አጥቼበት ነው!"

ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር።

መነሻው ያን ቀንም አልታወቀም፤ ዛሬም አልታወቀም። ዓርብ ጠዋት ልብስ ሰፊው ሱሪውን አጥቦ ተኩሶ ሰቀለ፤ መሳቢያው ውስጥ አዲስ መርፌ ተቀመጠ፤ ሌላ አንድ ደግሞ የአማቱ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ገባ። ደብተሩ ላይ "አማቴ" የሚለው ላይ ወፍራም መስመር ሲያሰምርበት በሩ ላይ ጥላ አየ። አማቱ መርፌና ክር ይዘው ቆመዋል።

"ይኼን ክር ያስገ..." ብለው አቆሙ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፍ በአንድ ቀን አይታረምም። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "አስገባልኝ፣ አንተ።"

"እሺ እማማ" አለና ተቀበላቸው። ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ ክሩ ሳተ። በእጁ ጀርባ ዓይኑን አብሶ ደገመ፤ ሳተ። ሠልሶም ሳተ።

"ምነው?" አሉ አማቱ ጎንበስ ብለው ፊቱን እያዩ። "ያንተም ዓይን ደከመ እንዴ?"