የአባ ገዳሙ ግዝት

ጳጳስ ማለት ለሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ለደብራችን አስተዳዳሪ ድንኳንና አቀባበል ነው፤ ለዲያቆናቱ ክህነት ነው። የያለምወርቅ ልጅ መቅደላዊት ደግሞ በስልኳ ቼዝ ስትጫወት ጳጳስ የምትለው በሰያፍ የሚሄድ ጠጠር አላት። ለያለምወርቅ ግን ጳጳስ ማለት ግዝት የሚፈታ አባት ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለምወርቅና ወንድሟ አበባው በእርሻ ድንበር ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ፣ የንስሐ አባታቸው አባ ገዳሙ ደም እንዳይፈስ ፈርተው፣ «አንዳችሁ የሌላኛችሁን ደጅ ብትረግጡ ገዝቻለሁ!» አሉ። ቁጣቸው ሲበርድ ሊፈቷቸው ነበር፤ ሞት ቀደማቸው። እህትና ወንድም ታረቁ፣ ግዝቱ ግን እንዳለ ቀረ። በእኛ አገር የሞተ ቄስ ግዝት የሚፈታው በጳጳስ ነው። እስከዚያው በአጥር ላይ እያወሩ ኖሩ። እኔን ጎረቤታቸውን ያናድደኝ ነበር፤ እነሱ ግን በግዝት የሚቀልዱ ሰዎች አይደሉም።

ዘንድሮ አበባው አልጋ ላይ ዋለ። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ከተማ ናቸው። እኛ ተራ ገብተን ስናስታምመው እህቱ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ሳሉን ትሰማለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር። አንድ ቀን ነጠላዋን አጣፋችና፣ «ሳይሞት እገባለሁ» ብላ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደች።

የሀገረ ስብከቱ ዘበኛ ጳጳሱ ደምበጫ ቤተ ክርስቲያን ሊባርኩ እንደሄዱ ነገራት። እሷም ደምበጫ ወረደች። በሕዝቡ መሀል መጠጋት ቢያቅታት፣ መኪናቸው ሊነሳ ሲል ከፊቱ ተንበረከከች።

«ተነሺ እናት፣ ቀጠሮ ያዢ!» አሏት አስተናባሪዎቹ።

«የወንድሜ ሳል ቀጠሮ አይጠብቅም!»

ጳጳሱ ወርደው እስከ መጨረሻው ሰሟት። «አባ ገዳሙ የገዘቱት ጠቡ እንዲቀር ነው። ጠቡ ቀርቷል?»

«ቀርቷል፣ አባታችን።»

መስቀላቸውን በራሷ ላይ አኑረው፣ «አንቺንም ወንድምሽንም እግዚአብሔር ይፍታችሁ። ሂጂ፣ ልጄ፣ ግቢ» አሏት።

በማግስቱ እኔ ለአበባው አጥሚት ይዤ ተቀምጬ ሳለ በሩ ላይ ደረሰች። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ክው አለ።

«አትግቢ፣ እታለም! ግዝቱስ?»

«ጳጳሱ ፈትተውናል።»

«ትዋሻለሽ! ለእኔ ስትይ የማትዋሺው የለሽም፣ አውቅሻለሁ። እኔስ ሟች ነኝ፤ ነፍስሽን በእኔ የተነሳ አታጥፊ፣ ተመለሽ!» አለና በሌለው ጉልበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ያለምወርቅ የበሩ መድረክ ላይ ቆመች። ልመሰክርላት ፈለግሁ፤ ምን አይቼ? ከዚያ መድረኩን ተራመደችና ጽዋውን ከእጄ ወሰደች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ውሸት ከሆነ አብረን እንኮነናለን» አለችው። «አሁን ዙር፣ አፍህን ክፈት።»

እያለቀሰ ዞረ።