የጎደለው ወንበር

መምህርቷ የተጣሉ ተማሪዎችን ለማወያየት የሚሆን የድጋፍ ገንዘብ ለማግኘት ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታለች። ጥቂት ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው ከተባረሩ ወዲህ ግቢው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ «እስኪመለሱ ትምህርት ይቁም» ይላል፣ ግማሹ «ይቀጥል» ይላል፤ ምግብ ቤት ውስጥ እንኳ ጠረጴዛ ለይተው ነው የሚበሉት። እሷ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ከተቀመጠ ይግባባል ብላ የምታምን የዋህ ናት። የዋህነት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ዋጋውን ሌላ ሰው እስካልከፈለ ድረስ።

የውይይቱን ሕግ ያገኘችው ከልጇ ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ነው፤ ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል። ገና ሕፃን ሳለ ጓደኞቹ ሲጣሉ መሃል ገብቶ «መጀመሪያ እሱ ያለውን ድገምልኝ» ይል ነበር። እሷም ይህንኑ ወሰደች። ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት የሌላውን ቃል ይደግምና «ልክ ብያለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የቃሉ ባለቤት «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» ካላለ ክርክር የለም።

ለጋሾቹ ሐሳቡን ወደዱት። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው ይቅረብ፣ ማን የየትኛው እንደሆነ እንዲታወቅም ባጅ ይደረግ። ይቁም ለሚሉት ሰማያዊ፣ ይቀጥል ለሚሉት ብርቱካናማ።

የለጋሾቹ ተወካይ የመጣች ዕለት ከብርቱካናማዎቹ አንዱ ተማሪ ፈርቶ ቀረ። ሴትየዋ ደረጃውን እየወጣች ነው፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ዳኛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ና እስቲ፣ እዚህ ቁጭ በል» አለችው እናቱ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ወገን የለኝም። ሁለቱም እውነት አላቸው።»

«ለአንድ ቀን ነው ልጄ። ሴትየዋ እስክትሄድ።»

ባጁን በገዛ እጇ ደረቱ ላይ ሰካችለት። ሳሩን አይታ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼ ነው።

ፊት ለፊቱ ሰማያዊ ባጅ አድርጎ የተቀመጠው የእህቷ ልጅ ነበር። አንድ ቤት ያደጉ፣ ግቢው ውስጥም አንድ የመኝታ ክፍል የሚጋሩ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል። «ዳኛውም ለቡድን ፈረመ እንዴ?» ብሎ ሲቀልድ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ተወካይዋም ፎቶ አነሳች።

ፎቶው ሳይመሽ በየስልኩ ደረሰ። «ለካ ሲያስታርቅ የኖረው ሲሰልል ነው» ተባለ። ዳኛው ወደ መኝታው ሲመለስ ፍራሹን ኮሪደር ላይ አገኘው። የእህቷ ልጅ አልጋው ላይ ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

በማግስቱ ዳኛው እናቱ ቢሮ መጣ። ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

«አንቺ እንዳስቀመጥሽኝ ንገሪያቸው። ወንበር ጎድሎ ነው በያቸው፣ በቃ።»

መንገር ትችል ነበር። ግን ወንበሩ በውሸት መሞላቱ ከታወቀ ድጋፉ ይቀራል፤ የለፋችበት ሁሉ ውኃ ይበላዋል።

«ገንዘቡ እስኪጸድቅ ጠብቀኝ» አለችው። «ሰው እኮ ይረሳል።»

ሰው አልረሳም። ማደሪያ የሰጡት ብርቱካናማዎቹ ናቸው። መጀመሪያ አልጋ ሰጡት፣ ቀጥሎ ከሳህናቸው አካፈሉት። አብሮ እየበሉ ደግሞ ዝም ብሎ መኖር አይቻልም፤ ውሎ አድሮ ቋንቋቸውም ቋንቋው ሆነ። እናቱ ስትደውልለት «እኛ» ማለት ጀመረ። ሰምታለች፤ እንዳልሰማች ሆነች።

ሰማያዊዎቹ የመማሪያ ክፍሎቹን በር ዘግተው በቆሙ ዕለት ከብርቱካናማዎቹ በኩል ድንጋይ ተወረወረ። አንዱ የእህቷን ልጅ ዓይን አገኘው። ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ ዓይኑ እንደማይተርፍ ተናግሮ ጨርሷል። እህቷ አላለቀሰችም። «ያንቺስ ልጅ የት ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት። መልሱንም ሳትጠብቅ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ቤቷ ስትገባ ስልኳ ጮኸ። ድጋፉ ጸድቋል፤ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል መልእክቱ። ዳኛው ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ወንድምህ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። «ምን አደረግክ?»

«እኔ አልወረወርኩም። ሲወረውሩ ግን አብሬያቸው ነበርኩ።»

«ወገን የለኝም ስትል አልነበረም?»

ቀና አለ። ድምፁ እንደ ልጅነቱ የረጋ ነበር።

«እማዬ፣ ‹ለአንድ ቀን ነው› አልሽኝ። ቀጥለሽ ‹ገንዘቡ እስኪጸድቅ ጠብቀኝ› አልሽኝ። ልክ ብያለሁ?»

ወንበሩን ጨብጣ ቆመች። እሱ ደግሞ በትዕግሥት ጠበቃት፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «ያልኩት እሱን ነው።»

አሁን የመናገር ተራው የእሱ ነበር። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።