የቀይዋ ጀልባ ወለል

ዳናይት የጥልቀት መለኪያውን ሴንሰር አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ እንደገና የጀልባዋ ወለል ላይ ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ አሁንም ቁጥር የለም፤ ሰረዝ ብቻ። ቅድም ከጀልባዋ ውጪ ውሃው ውስጥ አንጠልጥላ ስታየው ጥልቀቱን ቁልጭ አድርጎ አንብቦ ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ዲዳ ሆነ።

“እቃው ቻይና ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?” አለ ባሏ ኣክሊሉ፣ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ።

“ውጪ ሲያነብ ቻይና አልነበረም?”

ገንዳው ገርጂ ባለው ወርክሾፑ ጓሮ የተቆፈረ ነው፤ ኣክሊሉ የሚሠራቸው የፋይበር ታንከሮች ያፈሱ እንደሆነ የሚፈተሹበት። ዛሬ ጀልባዋ ተንሳፍፋበታለች። ቀይ፣ ሹል፣ ሲያዩዋት የምታምር ፈጣን ጀልባ ናት፤ ነገ ሰው ወደ ደሴት ልታሻግር ዝዋይ ሐይቅ ትወርዳለች። ኣክሊሉ ዕድሜውን የውሃ ታንከርና የገላ መታጠቢያ ገንዳ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጀልባ ትሠራለህ ወይ ሲባል “ጀልባ ማለት ትልቅ ገንዳ ማለት አይደል እንዴ!” ብሎ የፎከረውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዳናይት ደግሞ ኦሎምፒያ አካባቢ መኪና ላይ ጂፒኤስና አላርም ትገጥማለች፤ የጥልቀት መለኪያውም ነገር እሷው ላይ ወደቀ።

ሴንሰሩ ከጀልባዋ ውስጥ ወለሉ ላይ ይጣበቃል። የሚልከው ድምፅ ወለሉን አልፎ ውሃ ውስጥ ይወርድና የሐይቁን መሬት ነክቶ ይመለሳል። ወለሉ ድፍን ፋይበር ከሆነ ያልፋል፤ መሃሉ ላይ አየር ያለበት ነገር ከተከተተ አያልፍም። ለዚህ ነው ሥራው ሳይጀመር “ወለሉ ውስጥ ከፋይበር ሌላ የከተትከው ነገር አለ?” ብላ የጠየቀችው። “ማርያምን የለም!” ብሎ ማለላት። ማርያምን ብሎ!

አጎንብሳ ወለሉን በጣቷ አንኳኳችው። ድም፣ ድም አለ። ድፍን ነገር እንዲህ አይጮህም። 

“እህቴ፣ ችግር አለ እንዴ?” አላት ኑሪ። ኑሪ ጀልባዋን ሊረከብ ከዝዋይ የመጣው ነጂ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

ኣክሊሉ ቀደማት። “ኧረ ምንም ችግር የለም! ሂድ ምሳህን ብላ፤ በሩ ጋ ጥሩ ሽሮ አለልህ።”

ኑሪ ከግቢው እንደወጣ ዳናይት በባትሪ የሚሠራውን ትራፓኖ አነሳች።

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“ላይ ላዩን ብቻ ነው የምበሳው።”

“ዳኒ፣ ተይ! ቀለሙን ታበላሺዋለሽ!”

የትራፓኖው ፑንታ የላይኛውን ፋይበር በስቶ ያለ ምንም ትግል ስርግ ብሎ ገባ። አውጥታ አየችው። ነጭ ፍርፋሪ። የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ነው፤ ኣክሊሉ የገላ ገንዳ ሲሠራ ለድጋፍ ከሥር የሚወትፈው ያው ፎም። ገንዳ ግን ማዕበል ላይ አይጋልብም፤ ሰው ጭኖም ደሴት አይሻገርም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ጀልባዋ በዚያ ፍጥነቷ ከማዕበል ጋር ስትላተም ይሄ ስስ ልባስ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው።

“ይሄ ምንድነው?”

ኣክሊሉ ዞሮ ወደ ግቢው በር አየ።

“እኮ ምንድነው?”

“የፋይበሩ ማጣበቂያ ሬዚን ጠፋ! ከየት ላምጣ? ጀልባዋን ያዘዘው ሰውዬ በየቀኑ እየደወለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ደግሞ ፎም ይንሳፈፋል እንጂ አይሰምጥም።”

“ጀልባዋ ስትሰነጠቅስ? ሰዎቹ ፍርፋሪ ታቅፈው ነው ደሴቱ የሚደርሱት?”

“አታሟርቺ! ሴንሰሩን ከኋላ በውጪ በኩል እሰሪው። እንደዚያም ይገጠማል፣ ራስሽ ነግረሽኛል። ቁጥሩን ያነባል፤ አለቀ ደቀቀ።”

“ሰው ቢያልቅስ ኣክሊሉ?”

“ይሄ ሥራ ከተበላሸ ወርክሾፑ ይዘጋል። የልጆቻችን እንጀራ ነው! ደግሞ ማን ያውቃል? የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።”

“ሰውስ ነገ ምን የሚል ይመስልሃል? ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ነው የሚለው።”

ተናዳለች፤ አፍራለችም። ከሁሉ ያንገበገባት ግን ያ መሐላ ነው። ሲምልላት ዓይኑን እንኳ ሰበር አላደረገም። ይህን ሁሉ ዓመት አብረው ሲኖሩ ስንቱን ነገር እንዲህ አምናው ይሆን? አንድ በአንድ ማሰብ ጀምራ ተወችው፤ ማለቂያ የለውም።

ኑሪ አፉን እየጠረገ ተመለሰ። ፊቱ በርቷል።

“እሺ እህቴ፣ አነበበልሽ?”

ኣክሊሉ ከኑሪ ጀርባ ሆኖ ሁለት እጁን አጋጥሞ ይለምናታል። አንጀቷን በላው። ወዲያው ደግሞ ጠላችው፤ እንዲህ አድርጎ ስለለመናት ጭምር ጠላችው።

“መጀመሪያ የማሳፍረው ሚስቴንና ልጄን ነው፣” አለ ኑሪ። “ሸሪፋ ውሃ ትፈራለች። አዲስ አበባ አንዲት ባለሙያ አይታ ደህና ናት ብላለች ካልኳት ግን እሺ ትላለች። እና ደህና ናት በይኝ፤ አንቺ ካልሽ ነገ በጠዋት ጭኜ እሄዳለሁ።”

“ንገሪው እንጂ ዳኒ፣” አለ ኣክሊሉ። 

ዳናይት ፑንታውን የጀመረችው ቀዳዳ ውስጥ መልሳ ከተተችና በሁለት እጇ ተጭና እስከ ታች ሰደደችው። ስታወጣው ውሃው ቡልቅ ብሎ ነጩን ፍርፋሪ ይዞ ወጣ፤ ጫማዋንም አራሰው።

“አንቺ ሴትዮ አበድሽ?!” ኣክሊሉ ጮኸ።

ኑሪ ክው ብሎ ቀረ። ፍርፋሪውን አየ፣ ኣክሊሉን አየ።

“መስመጧ ካልቀረ እዚሁ ትስመጥ፣” አለች ዳናይት፤ ከቀዳዳው አጠገብ ሌላ ቦታ መርጣም ፑንታውን ተከለች።