የወርቅቱ ዘር

አትክልትን የዘር ቆጠራ ፍቅር የያዛት በአንድ የጋብቻ ሽምግልና ላይ ነው። ሰባት ቤት ቁጠሩ ሲባል የእናቷ ወገኖች አራተኛው ላይ ደርሰው እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ሌላው ስቆ አለፈው፤ እሷን ግን ከነከናት። በሰበታ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሳምንቱን ሙሉ የተበጠሰ ክር ስትለቅም ትከርምና እሑድ ሱሉልታ ወጥታ ሽማግሌዎችን ትጠይቃለች። ጎረቤቶቿ «ሙታን ቆጣሪዋ» ይሏታል። እሷም ጊዜ ማሳለፊያ ነው ትላቸው ነበር።

ጊዜ ማሳለፊያው ሥራ ሆኖ ቁጭ አለ። ራቢአ የምትባል የፋብሪካ ባልደረባዋ የአባቷን ወገን እንድታፈላልግላት ለመነቻት። አትክልት ማፈላለጉን ትታ አጠያየቁን አሳየቻት። ራቢአ ሌላ ሰው አመጣች፣ ያም ሌላ ጠራ። ብዙም ሳይቆይ አትክልት ቡራዩ ላይ፣ ከእናቷ ወንድም ከጋሽ ሰለሞን የሕንፃ መሣሪያ መደብር ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ማስተማር ጀመረች። ሽማግሌ ሲናገር አታቋርጡ፣ ቢሳሳት አታርሙ፣ ተመልሳችሁ ሂዱ ትላቸዋለች። ከሁሉ በላይ አባት በተቆጠረ ቁጥር የእናቱን ስም እንዲጠይቁ አጥብቃ ታሳስባለች።

ይህንኑ የእናት ነገር የእናቷን አጎት ኦቦ ገርባን ብትጠይቃቸው ሽማግሌው ወሬ ቀየሩ። ደጋግማ ተመላለሰች። አንድ ቀን ከብቶቻቸውን እያስገቡ ሳሉ ነገሯት። አያታቸው ወርቅቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራዋን የሚገዛው ሁሉ ቤቷ ገብቶ እህል አይቀምስም፤ ቡዳ ናት ይሏታል። ያገባትን ሰው ወገኖቹ ከርስቱ ነቀሉት። እሷ ጭቃ እያቦካች ልጆቿን አሳደገች። ልጆቹ ግን ሰው ሲሆኑ ስሟን መጥራት ተዉ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉ ኦቦ ገርባ፣ «ልጄ፣ እኔም ለልጆቼ አልነገርኩም።»

አትክልት መጽሐፍ መጻፍ ጀምራ ነበርና ወርቅቱን የመጀመሪያ ምዕራፏ አደረገቻት። ረቂቁ በዘመድ እጅ ሲዞር ጋሽ ሰለሞን ዘንድ ደረሰ። ያን ሰሞን ልጃቸውን ኤቢሴን ከሆለታ የመጡ ሽማግሌዎች ጠይቀው፣ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ጥቂት ነው የቀረው። ጋሽ ሰለሞን መጀመሪያ በልመና መጡ። ስሟ ይኑር፣ ሥራዋ ይውጣ፤ ካልሆነም የባላባት ልጅ በያት፣ ማን ያውቃል አሏት። አትክልት በትሕትና እንደማይሆን ነገረቻቸው። በማግስቱ የአዳራሹ ቁልፍ ተቀየረ።

ቅዳሜ ተማሪዎቿን ደጅ ቆመው አገኘቻቸው። አላሰናበተቻቸውም። ከመካከላቸው ዮአብ የሚባለው አናጺ አምቦ መንገድ ዳር ያለውን የእንጨት ሥራ ቤቱን ከፈተላቸው፤ ጣውላ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የዕለቱም ትምህርት ስለ ወርቅቱ ሆነ።

ያኔ ነገሩ ወደ ቤተሰብ ሽምግልና ሄደ። ወገኑ ሱሉልታ፣ ኦቦ ገርባ ቤት ተሰበሰበ። ጋሽ ሰለሞን አጎታቸውን በኦሮምኛ፣ በአክብሮት፣ ስለ ወርቅቱ በእርግጥ ለአትክልት እንዲህ ብለዋት እንደሆነ ጠየቁ። ሽማግሌው ኤቢሴን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«እኔ አላልኩም፣» አሉ።

ያን ቀን ሲነግሯት ድምፃቸው በአትክልት ስልክ ውስጥ ተቀድቶ ነበር። ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ እጇም ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ግን ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ጋቢያቸውን ሲሰበስቡ አየች። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በገዛ ቤታቸው፣ በልጅ ልጆቻቸው ፊት እንዴት ታዋርዳቸው? እጇን መለሰችና ተነሥታ ቆመች።

«እሺ፣ እሳቸው አልነገሩኝም። ማንም አልነገረኝም። የምለው እኔ ነኝ፤ የሸክላ ሠሪዋ የወርቅቱ ዘር ነኝ። ቡዳ የምትሉ ከሆነ ከእኔ ጀምሩ።»

ጋሽ ሰለሞን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የልጄን ትዳር ልታፈርሺ ነው?» አሏት።

«ጋሼ፣ አንዲት ሴት ጭቃ ጠፍጥፋ ልጆች ስላሳደገች የሚፈርስ ትዳር ከሆነ፣ ሳይሠራ ይፍረስ።»

ከእንግዲህ ዘመዳችን አይደለሽም አሏት። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ታክሲ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቤቷ ስትገባ ግን የወርቅቱን ምዕራፍ አውጥታ፣ ያለሰለሰቻቸውን ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ሰርዛ እንደ አዲስ ጻፈችው።

ኤቢሴ ለእጮኛዋ ራሷ ነገረችው። እናቱ አኩርፈው ከረሙ፤ እሱ ግን ከቃሉ ንቅንቅ አላለም። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ፣ ለአትክልት የጥሪ ወረቀት አልመጣላትም። ኤቢሴ ስልክ ደውላ ስታለቅስ፣ በእኔ ምክንያት ከአባትሽ እንዳትጣዪ ብላ መከረቻት። መጽሐፉም ሳይቀነስ ታተመ። ኦቦ ገርባ እስካሁን አላነጋገሯትም፤ እሷ ግን በበዓል በበዓሉ ሰላምታ ትልክባቸዋለች።

ሠርጉ የዋለው ቅዳሜ ነበር። አትክልት ዮአብ ዘንድ እያስተማረች ሳለ የአጃቢ መኪኖች ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ፤ ሙሽራዋን ይዘው ወደ ሆለታ እየወረዱ ነው። ተማሪዎቹ ነገሩን ያውቃሉ። ራቢአ በሩን ልትዘጋ ብድግ ስትል አትክልት ከለከለቻት። ጠመኔውን አስቀምጣ፣ እጇን አራግፋ ወጣችና መንገዱ ዳር፣ ከሁሉ ፊት ቆመች።

ጋሽ ሰለሞን ከፊተኛው መኪና ሆነው አዩዋት፤ ፊታቸውንም አዞሩ። እሷ አላዞረችም። የኤቢሴ መኪና ከፊቷ ሲደርስ፣ ያልተጠራችው አትክልት ባላት ኃይል ሁሉ እልል አለች። ተማሪዎቿ አንድ በአንድ ወጥተው ከጎኗ ቆሙ፤ እልልታውንም ተቀበሏት።